ብዙ ጣቢያ በአንድ አምፕሊፋየር

በጊሼዋ ራቤል ከተማ ጣሪያ ላይ የተተከለ አንድ ዲሽ ብዙ የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያስገባል። በ2013 ዓ.ም. ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ዲሹም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዞሮ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለችውን ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ማየት ጀመረ። ለጊሼ ደጋ ይህ መልካም ነበር፦ ናይልሳት ከዚያ ሲታይ ከአድማስ 35 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። አዲሷ ግን 65 ገደማ ላይ ስላለች ተራራ አይጋርዳትም፤ ሞገዷም ዝናብ ውስጥ ብዙ አይጓዝም።

ታዲያ ያ ሁሉ ጣቢያ በስንት ማሰራጫ ይላካል? ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ሰፊ ፍሪኩዌንሲ የሚሸፍን አንድ አምፕሊፋየር ገዝቶ ሁሉንም እዚያ ማስገባት ነው። ነገር ግን አምፕሊፋየር ወደ አቅሙ ጫፍ ሲጠጋ የገቡለትን ሞገዶች እርስ በርስ ያዳቅላል። የምድር ማሰራጫን እንውሰድ። የቻናል 21 መሃል 474፣ የቻናል 23 ደግሞ 490 ሜጋኸርዝ ነው። የ490 እጥፍ 980፤ ከዚያ ላይ 474 ሲቀነስ 506 ይመጣል። 506 ደግሞ የቻናል 25 መሃል ነው! ማንም ያላሰራጨው ድቅል ሞገድ የሌላ ጣቢያ ቦታ ላይ ገብቶ ይረብሻል።

መድኃኒቱ ኃይል መቀነስ ነው። የሁለቱን ኃይል በግማሽ ብትቀንሱት ድቅሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ግን ዋጋ ያስከፍላል። አራት ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው በ100 ዋት ቢገቡ አማካዩ 400 ዋት ነው፤ የሁሉም ሞገድ ጫፍ የገጠመባት ቅጽበት ግን 1600 ዋት ትጠይቃለች። ለዚያች ቅጽበት ሲባል ትልቅ አምፕሊፋየር ገዝቶ ከአቅሙ በታች ማሠራት ግድ ነው፤ የሚበላው መብራትም አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በጄኔሬተር ለሚሠራ የተራራ ማሰራጫ ይህ የናፍጣ ወጪ ነው።

ለየጣቢያው የራሱን ማሰራጫ መትከልም ይቻላል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል፣ ወጪው ግን ይከብዳል።

ዲጂታል ሌላ መንገድ ከፈተ። ጣቢያዎቹ አምፕሊፋየሩ ጋ ሳይደርሱ ዳታ ሆነው፣ ተጨምቀው፣ አንድ ላይ ታሽገው በአንድ ሞገድ ይጫናሉ። የሳተላይቷ አምፕሊፋየር አንድ ሞገድ ብቻ ሲሰጠው የሚያዳቅለው ጎረቤት ስለሌለ ወደ ሙሉ አቅሙ ተጠግቶ ይሠራል። ጉዳቱ፣ ጣቢያ በተጨመረ ቁጥር የሌሎቹ ድርሻ ማነሱ ነው፤ ኳስ ጨዋታ ሲፈጥን ምስሉ ካሬ ካሬ የሚለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ሞገዱ ከተቋረጠም ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ያም ሆኖ ለራቤል ዓይነት ከተማ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

እናም የተወሰኑ ጣቢያዎች ብቻ አብረው ከጠፉባችሁ፣ ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲያቸውን እዩ። አንድ ከሆነና ሌሎቹ ጥርት ብለው ከገቡ ችግሩ ከላኪው ዘንድ ሊሆን ይችላልና ዲሹን አትነካኩት፤ ጥቂት ጠብቁ።