የላይኛው ጥርስ እንዴት ይደነዝዛል?

አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ወርደው ሉሲን ሲያዩ አፏን ልብ ይበሉ። የታችኛው መንጋጋዋ ቅርጹን ይዞ ተገኝቷል፤ ከቀረው የራስ ቅሏ የተረፈው ግን ስብርባሪ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥጥር አጥንት ስለሆነ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሬት ውስጥ ችሎ መቆየቱ አይገርምም። የላይኛው ስስ ነው። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሲቀመጡ መርፌው የት እንደሚያርፍ የሚወስነውም ይኸው ልዩነት ነው።

አዲስ የሸክላ እንስራ ውኃ ሲሞላ ሳይሰነጠቅ ውጭው ይረጥባል። የላይኛው መንጋጋ የውጭ አጥንትም እንደዚያ ነው፤ ስስና በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ። ስለዚህ ሐኪሙ ነርቩን ፍለጋ አይሄድም። ከንፈርዎን ሳብ ያደርግና ድድና ጉንጭ በሚገናኙበት እጥፋት፣ በታመመው ጥርስ ሥር ጫፍ ትይዩ፣ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመድኃኒቱ ነው፤ በአጥንቱ ሰርጎ ሥሩ ጫፍ ይደርሳል። ጥቂት ደቂቃ የሚያስጠብቁዎትም ለዚህ ነው።

የታችኛው የኋላ ጥርስ አጥንት ግን እንደ ብረት ድስት አያሰርግም። እዚያ ሐኪሙ መርፌውን ወደ አፍ የኋላ ጥግ ይወስድና ነርቩን አጥንት ውስጥ ሳይገባ በፊት ይቀድመዋል። ግማሽ ከንፈርና ግማሽ ምላስ አብረው የሚደነዝዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ፈሳሹ ብዙ ጊዜ ሊዶካይን ነው፤ ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግረን በ1943 እ.ኤ.አ. የሠራው። ሕመም በነርቭ ላይ የሚሮጥ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው፤ እንዲሮጥ ሶዲየም በነርቩ ጥቃቅን በሮች መግባት አለበት። ሊዶካይን በሮቹን ለጊዜው ይዘጋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አድሬናሊን ይጨመርበታል፤ የደም ሥሮችን አጥብቦ መድኃኒቱ ቶሎ ታጥቦ እንዳይሄድ ያደርጋል። ልብዎ ለአፍታ ድው ድው ቢል ከእሱ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ካለ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ወይም የቃሙት ጫት ካለ፣ አስቀድመው ይናገሩ።

እንባ የሚያመጣው የላንቃው መርፌ ነው። ጥርስ ሲነቀል በውስጥ በኩል ያለው ድድም መደንዘዝ አለበት፤ የላንቃ ሥጋ ደግሞ አጥንቱ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ለፈሳሹ ቦታ የለውም። ሕመሙ ከመርፌው ጫፍ ይልቅ ከዚህ ግፊት ይመጣል። ጎበዝ ሐኪም ቦታውን በመስታወቱ እጀታ ጫን አድርጎ ይይዝና ጠብታ በጠብታ ይወጋል።

«ዶክተር፣ አሁንም ይሰማኛል» ይላሉ አንዲት እናት።
«ሲጫንዎት ነው ወይስ ሲያምዎት ነው፣ እማማ?»
«ሲጫነኝ።»
«እሱ ይኖራል። ካመመዎት እጅዎን ያንሱ።»

ጥያቄው ከልብ ነው። የሕመም ስሜት ሲጠፋ የመገፋትና የመጎተት ስሜት ሊቀር ይችላል። እውነተኛ ሕመም ካለ ግን መቻል ጀግንነት አይደለም፤ ሐኪሙ ይጨምርልዎታል። በተለይ መግል የያዘ ጥርስ ያስቸግራል፤ ያበጠ ሥጋ አሲድ ስለሚበዛበት መድኃኒቱ ወደ ነርቩ መግባት ያቅተዋል።

«የላይ ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል» ሲባልም ይሰማል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል፤ ከላይኛው ጥርስ የሚነሱት ነርቮች ከዓይን ሥር የሚያልፈው ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። የማየት ነርቭ ግን ሌላ ነው፤ ጥርስ ውስጥ ሥር የለውም።

ቤት ሲገቡ ጥርሱ ነቅቶ ከንፈርዎ ገና እንደተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ይቆያል። ልጆች ሳያውቁት ከንፈራቸውን ነክሰው ያቆስላሉ። የደነዘዘ ከንፈር ትኩስና ለብ ያለውን ስለማይለይ፣ ጀበናው ቢንተከተክም ሲኒው ትንሽ ይቆይ።