ጀሪካን በግጥም ውስጥ ምን ይሠራል?

በዛሬው እትማችን ስለ ቃላት ትርጉም እንነግራችኋለን። "ኤጭ! ይሄማ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል" እንዳትሉ። እኛም ተምረነው ነበር። ፈተናው ላይም አልተሳሳትንም። የተሳሳትነው አንዲት ልጅ ግጥም ይዛ ስትመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ለክበባችን ግጥም ሰጠች። ርዕሱ "ጀሪካን" ይላል። እውነቱን ለመናገር ሳቅን። እኛ ግጥም ሲባል የለመድነው ተስፋ፣ ብርሃን፣ ዘላለም፣ ጽጌረዳ ምናምን ነው። እኔ ራሴ "በእንስራ ቀይሪውና አምጪው፤ እንስራ ለግጥም ያምራል" ብዬ መለስኩላት። እሷም "እኛ ቤት እንስራ የለም" ብላ ወረቀቷን ይዛ ሄደች።

በኋላ የአማርኛ መምህራችን ይህን ሰሙና "ግጥሙን እስከ መጨረሻ አንብባችሁታል?" ብለው ጠየቁን። አላነበብነውም ነበር! ልጅቷን ይቅርታ ጠይቀን አስመለስነው። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦

ቢጫዋ ጀሪካን ደጅ ቆማለች ባዶ፤
ታላቄ ከሄደች ማን ይቀዳል ማልዶ?

ታላቅ እህቷ ዓረብ ሀገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። ከመሄዷ በፊት ጠዋት ጠዋት ውሃ የምትቀዳው እሷ ነበረች። አሁን የምትቀዳው ግጥሙን የጻፈችው ልጅ ናት።

እስቲ አሁን ወደ ትምህርቱ እንመለስ። አንድ ቃል እማሬያዊ ፍቺ እና ፍካሬያዊ ፍቺ አለው ተብለን ተምረናል አይደል? እማሬያዊ ማለት ቀጥተኛው ነው። ጀሪካን ማለት ውሃ ወይም ዘይት የሚያዝበት የፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ ትልቁ 20 ሊትር ይይዛል፣ አለቀ። ፍካሬያዊ ደግሞ ከቀጥተኛው ትርጉም ጀርባ ያለው ነው። ለምሳሌ እንጀራ የምንበላው ነው። "እንጀራ ፍለጋ ሄደ" ሲባል ግን ሰውየው የሄደው ሥራና ኑሮ ፍለጋ ነው እንጂ እንጀራ ሊገዛ አይደለም። የእንጀራ እናት የሚባለውም አለ። እንደዚህ ዓይነቱን ሁላችንም ስለምናውቀው ማስረዳት አያስፈልገውም፤ መዝገበ ቃላት ውስጥም ይገባል።

እኛ ያላስተዋልነው ግን ሌላም ፍቺ እንዳለ ነው። እሱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤት ብቻ ነው። የደስታ ተክለ ወልድን "ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት" (1962 ዓ.ም. የታተመውን ትልቁን) ከዳር እስከ ዳር ብትገልጡት "ጀሪካን፦ እህቴ" የሚል አታገኙም። ለዚህች ልጅ ግን ትርጉሙ እሱ ነው። እንስራ ብትለው ኖሮ ግጥሙ ያምር ይሆናል፣ ግን እህቷ ከውስጡ ትወጣለች። እንስራ ተሸክማ አታውቅማ!

ደግሞ እዚህ ቡራዩ ሆናችሁ ስታነቡት ይበልጥ ይገባችኋል። የገፈርሳ ግድብ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ውሃው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኛ ሰፈር ውሃ የጠፋ ቀን ቢጫ ጀሪካን በሰልፍ ሲደረደር ያላየ ማን አለ?

ትልልቆቹ ገጣሚዎችም ቢሆኑ ሁልጊዜ ከባድ ቃል አይፈልጉም። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. አምቦ አካባቢ ቦዳ ነው (የአምቦ መንገድ በእኛ ከተማ በኩል እንደሚያልፍ ልብ በሉ!)። የታወቀው የግጥም መጽሐፋቸው ርዕስ "እሳት ወይ አበባ" ነው። ሁለቱንም ቃላት የአንደኛ ክፍል ልጅ ያውቃቸዋል። ግን እሳት ምድጃ ዳር ለሚሞቅ ሰውና ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው አንድ ነው? አበባስ እንቁጣጣሽ ለሚጨፍርና መቃብር ላይ ለሚያኖር?

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ "ሀገሬ" የሚል ግጥም አላቸው። ሀገር የሚለውን ቃል እኛ በየቀኑ ሰልፍ ላይ ስለምንሰማው ብዙም አይነካን ይሆናል። እሳቸው ግን በ1973 ዓ.ም. ያረፉት በስደት፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። ይህን ካወቅን በኋላ ርዕሱን ስናነበው ቃሉ ያው ሆኖ ከበደን። የልጅቷ እህትም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው "እዚያ ዘነበ?" ብላ ነው አሉ። ዝናብም ለእሷ ሌላ ሆኗል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በክበባችን እያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ይዞ እንዲመጣ ተባባልን። ከሱሉልታ የተዛወረ ጓደኛችን "ድርቆሽ" አለ። አባቱ ድርቆሽ ይሸጣሉ፤ የደረቀ ሣር ሲሸተው ትዝ የሚለው ከብት ሳይሆን አዲስ ደብተር ነው። ሰበታ ያደገው ደግሞ "ውሃ" ካለ በኋላ "አይ፣ ቢሻን" ብሎ አስተካከለ። ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው። ግን አያቱ ከሜዳ ሲመጣ በጣሳ ይዘው የሚጠሩት "ቢሻን" ብለው ስለሆነ፣ ውሃ ሲባል ጥሙ አይቆረጥም። እኔ "ቁልፍ" ብዬ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ለራሴ ልያዘው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የራሳችሁን ቃል ዝም ብላችሁ ብትደጋግሙት አንባቢ አይገባውም። "ወይ ጀሪካን፣ ወይ ጀሪካን" ቢባል ቀልድ ነው የሚመስለው። ልጅቷ ግን "ደጅ" ብላ ቦታውን፣ "ማልዶ" ብላ ሰዓቱን፣ "ታላቄ" ብላ ሰውየዋን አስገባች። እህቷን የማያውቅ ሰውም ባዶዋን ጀሪካን ሲያይ የሆነ ሰው እንደጎደለ ይገባዋል። "ናፈቀችኝ" የሚል ቃል ግጥሙ ውስጥ አንድም ቦታ የለም፤ ፈልጉት።

ሙሉ ግጥሙ በሚቀጥለው ገጽ አለላችሁ። አንድም ቃል አልቀየርንም። ሥዕሉን የሳለው የ7ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ቢጫ ከለር ስላለቀበት ጀሪካኗ በእርሳስ ብቻ ናት። የእናንተንም ቃል ከነምክንያቱ ጽፋችሁ እስከ ዓርብ ድረስ የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱልን። ስማችሁ እንዲጠቀስ ካልፈለጋችሁ አትጻፉት፤ ክፍላችሁ ይበቃናል።