ሲሚንቶ ያልፈወሰው ግንብ

ጥንታዊ ሕንፃዎች የተጠገኑበት ታሪክ ሲገላበጥ የሚያሳፍር ነገር ይወጣል፤ ዝናብና ዕድሜ ካደረሱት ጉዳት ጎን ለጎን ጠጋኙ ራሱ ያደረሰው ጉዳት አለ። ኬሚስቱን፣ የሥነ ምድር ባለሙያውን፣ መሐንዲሱንና ግንበኛውን ያገናኘው የቅርስ ቁሳቁስ ጥናትም ብዙ ትምህርቱን ያገኘው ከእነዚህ ጥፋቶች ነው።

ታዋቂው ምሳሌ የአቴንሱ ፓርቴኖን ነው። ጥንታውያኑ ግሪኮች እብነ በረዱን በብረት ሲያያይዙ በብረቱ ዙሪያ የቀለጠ እርሳስ ያፈሱ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጥገናውን የመራው መሐንዲስ ኒኮላኦስ ባላኖስ ግን ብረቱን ያለ እርሳስ አስገባው። ብረቱ ዛገ፣ ሲዝግም አበጠ፣ እብነ በረዱንም ሰነጠቀው። የኋላ ጠጋኞች ያንን ብረት እያወጡ በማይዝገው ቲታኒየም ተክተውታል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውሃ እንዳያስገቡ ተብሎ ሬንጅ ተቀቡ፣ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረበ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ቡድን ያንን ልባስ አነሣው።

ከሁሉም በላይ ያጠፋው ግን ሲሚንቶ ሳይሆን አይቀርም። ፖርትላንድ ሲሚንቶ እ.ኤ.አ. በ1824 እንግሊዝ ውስጥ የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ እንደ መድኃኒት ሁሉ ለሁሉም ታዘዘ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኖራ ወደ አገሩ ግንባታ ከገባ በኋላ የተሠሩት የጎንደር ግንቦች በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠገኑ፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመለሱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኖራ ማያያዣ ልል ነው፤ ግንቡ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ እርጥበቱንም በመጋጠሚያው በኩል ያስወጣል። ሲሚንቶ መጋጠሚያውን ሲዘጋው እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል። ውሃው የተሸከመው ጨው ከድንጋዩ ፊት ሥር ይረጋና ፊቱን እየገፋ ይልጠዋል። ስለዚህ በሙያው ዘንድ የሚሠራበት ደንብ ከነባሩ የጠነከረ ነገር አታስገባ የሚል ነው። ለተራ ሰው ተገላቢጦሽ ይመስላል።

ግድግዳ ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ የሚለኩት መሣሪያዎች አንዳንዴ በጣም ቀላል ናቸው። የካርስተን ቱቦ የሚባለው መስመር የተሰመረበት ትንሽ የመስታወት ቱቦ ነው። በሚለጠፍ ጭቃ መሰል ነገር ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ውሃ ይሞላል፣ ከዚያ ሰዓት ይዞ ግድግዳው በየደቂቃው ስንት ሚሊ ሊትር እንደጠጣ ማንበብ ነው። የማያያዣው ናሙና ላቦራቶሪ ሲገባ ደግሞ ማይክሮስኮፕና ኤክስሬይ የአሸዋውን ዓይነትና የኖራውን አቃጠል ይናገራሉ። ተረት የሚመስለውም አንዳንዴ እውነት ሆኖ ይገኛል፦ የቻይና ግንበኞች ኖራውን ከተቀቀለ የሚጣበቅ ሩዝ ጋር ይለውሱት ነበር ሲባል የነበረውን ተመራማሪዎች የሩዙን ስታርች ከድሮ ማያያዣ ውስጥ አግኝተው አረጋግጠዋል።

የሚፈረፈር ድንጋይ ማጠንከሪያ ፈሳሾችም አሉ። ኤቲል ሲሊኬት ለአሸዋ ድንጋይ ይስማማል፤ ለእብነ በረድ ግን እንደዚያ አይይዝም፤ ለኖራ ድንጋይ በጣም የደቀቀ ኖራ በአልኮል ውስጥ ተበትኖ ይሞከራል። እነዚህን በጥርጣሬ ማየት ይሻላል። አንዴ ድንጋዩ ውስጥ ከገቡ መልሶ ማውጣት አይቻልምና። ስለ ቅርስ ጥገና እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተርም ዘመናዊ ዘዴን የፈቀደው ባህላዊው ሲያንስና የአዲሱ ብቃት በሳይንስ መረጃና በልምድ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ላሊበላ ይህ ጥናት ገና ያልጨረሰው ጉዳይ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ማዕድን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ሰፋፊ የብረት መጠለያዎች ዝናቡን አስቀርተዋል። ነገር ግን የአካባቢው ሰው የመጠለያው ክብደትና ነፋስ ያሰጉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰልፍ ወጥቶ ቅሬታውን አሰምቷል። ከላይ የሚወርደው ዝናብ ሲቀር ድንጋዩ ከልክ በላይ ይደርቃል ወይ የሚለው ጥያቄም አለ፤ ይህን ሙግት አይፈታውም፣ ልኬት እንጂ። መጠለያው ይነሣ ወይም ይቀየር ከመባሉ በፊት የድንጋዩ እርጥበት፣ ሙቀትና የስንጥቁ ስፋት በበጋም በክረምትም ለዓመታት መመዝገብ አለበት። መጠለያ በሌላቸው አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ደግሞ ጠራቢዎቹ ለጎርፉ የቆረጧቸው ቦዮች ሰኔ ሳይገባ መጠረግ ይኖርባቸዋል።