አማትና ምራትን ያጣላው ጭብጦ

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የደወለው ወገዳ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ አግብቶ ወልዶ ይኖራል። «እናቴ ተቀይማ አገሯ ገባች፤ ትዳሬም መፍረሱ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። «በምን ምክንያት?» ብለው፣ «በጭብጦ!» አይለኝ መሰላችሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየው ከወገዳ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በሶ በጨርቅ ከረጢት፣ ኑግ በፌስታል ቋጥረው ነበር። በማግስቱ ምራታቸው ሥራ ስትሄድ ኑጉን ቆሉ፣ ከገብስ ቆሎ ጋር ወቀጡ፣ በእጃቸው ጨብጠው ለሦስት ዓመቱ ሕፃን ሰጡት። ምራት ማታ ስትገባ የልጇ ከንፈርም ጥርስም ጠቁሮ አገኘችው። ጮኸች። ጭብጦውን ከእጁ ነጥቃ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። «ልጄን ምን አበሉብኝ?» አለች። እሳቸው አንድም ቃል አልመለሱም። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ባልም ከዚያ ወዲህ እቤቱ እራት መብላት ተወ።

ውድ አንባቢዎች፣ እናንተ ብትሆኑ በማን ላይ ትፈርዳላችሁ? እኔማ በምራት ላይ ፈርጄ ነበር። እሑድ ሄጄ ስሰማት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

«እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ከተማ ነው፤ ኑግ ሲበላ አይቼ አላውቅም። በልጄ አፍ ጥቁር ነገር ሳይ ጭቃ የበላ መሰለኝ። ደግሞ እሱ አንድ ቀን ስለ አገሩ ምግብ አውርቶልኝ ያውቃል? መክሰስ ሲባል ብስኩትና ከረሜላ ይዞ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ወደ ባልየው ዞርኩ። አቀረቀረ። ለካስ የእናቱን ምግብ መጀመሪያ የደበቀው እሱ ራሱ ኖሯል!

እሱን ብቻ እንዳልወቅስ፣ እኔም አፍሬ አውቃለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አዲስ አበባ ስመጣ እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ፣ አብራኝ የተከራየችው ልጅ እንዳታይብኝ አልጋ ሥር ደብቄ ማታ ማታ ነበር የምበላው። በኋላ ወር መጨረሻ ላይ የሁለታችንም ኪስ ሲነጥፍ ያወጣን ያው በሶ ነው። ልጅቷ እስከ ዛሬ «ያ በሶሽ አልመጣም?» ትለኛለች።

አገራችን ስማዳ ላይ ደጋው ገብስና ስንዴ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። ከምሳ በኋላ የሚቀርብ ኬክ አናውቅም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ግን የሚቆረጠም ወይም የሚጨበጥ ነገር አይጠፋም ነበር። የኑግ ጭብጦ ለወንድ ልጅ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ ቅድሚያ ለወንዶቹ ነበር የሚታደለው። እኔና እህቶቼ ግን ከሙቀጫው ሥር የቀረውን ጠርገን እንልስ ነበር፤ ጣፋጩ ደግሞ እሱ ነው!

ያን እሑድ ምራትን ወደ ማድ ቤት አስገባኋትና አብረን ሠራን። እናንተም ሞክሩት።

የኑግ ጭብጦ፦ አንድ ስኒ ኑግ ለቅማችሁ፣ አጥባችሁ አድርቁ። በብረት ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት እያማሰላችሁ ቁሉት። ካረረ ይመራል። ከአንድ ስኒ የገብስ ቆሎና ከቁንጥር ጨው ጋር ውቀጡት። ሙቀጫ ከሌላችሁ የቡና መፍጫ ይበቃል። ከኑግ ክብደት ሲሶው ያህል ዘይት ስለሆነ ሲደቅ ራሱ ይያያዛል። እምቢ ካለ አንድ ማንኪያ ማር ጨምሩና በእጃችሁ ጨብጡት። ቅቤ የለበትምና ለጾምም ይሆናል።

በሶ በቅቤ፦ ብዙዎቻችሁ ጭኮ የምትሉት ነው። ሁለት ስኒ በሶ፣ ግማሽ ስኒ የቀለጠ ንጥር ቅቤ፣ ቁንጥር ጨው። ማሸት ብቻ ነው፤ እሳት የሚነካው ቅቤው ነው። በትንንሹ አድበልብሉት። ጣፋጭ ለሚወድ ማር ይግባበት። በጾም ቀን በሶውን በውኃና በማር አሹት።

ዳቦ ቆሎ፦ ሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ውኃውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩት። እንደ ገመድ አድበልብላችሁ ጥፍር በሚያህል ልክ ቁረጡና በደረቅ ምጣድ ላይ እያማሰላችሁ እስኪቀላ ቁሉት። በደንብ ቀዝቅዞ ክዳን ባለው ዕቃ ከተቀመጠ ሳምንቱን ሙሉ ይበላል።

ተልባ፦ ቆልታችሁ ፍጩት፣ ንፉት። ለአንድ ብርጭቆ ውኃ ሁለት ማንኪያ ዱቄት በጥብጡና ጥቂት አስቀምጡት። ከላይ ያለውን አጥልላችሁ በማር ወይም በስኳር ጠጡ።

እዚህ ላይ የምራትን ስጋትም አላጣጥልም። እናት ናት፤ የምትፈራው ነገር አላት። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ድፍን ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይሰጥም፤ ትን ብሎ አየር ሊዘጋበት ይችላል። ለዚህ ነው አያትየው ወቅጠው የሰጡት! ዓመት ላልሞላው ልጅ ደግሞ ማር ጭራሽ አይቅመስ፤ ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ መርዘኛ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ቆሎና ንፍሮ ስትገዙ ደግሞ ጓያ እንዳይቀላቀልበት እዩ። አብዝቶና አዘውትሮ የበላውን እግሩን ሽባ ሊያደርግ የሚችል እህል ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ድርቅን ተከትሎ በደላንታና ዳውንት ስንቱን ወጣት ምርኩዝ እንዳስያዘ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ሽምብራ እያለላችሁ ጓያ ምን ያደርግላችኋል?

ወደ ታሪካችን ልመለስ። የመጀመሪያው ኑጋችን አረረ። ሁለተኛውን ልንቆላ ስንል ምራት ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና ስልኳን አነሳች። ወገዳ ደወለች። እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ... ኑጉን ስንት ደቂቃ ነው የሚቆሉት?» አለች።

በወዲያ በኩል ዝም ተባለ። ባል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የእናቱ ድምፅ መጣ። «ደቂቃውንስ አላውቀውም ልጄ። ጠረኑ ይነግርሻል።»

ምራት ማልቀስ ጀመረች። «ይቅር ይበሉኝ፤ አላወቅሁም ነበር» አለች። እሳቸው ይቅር ማለታቸውን በቃል አልተናገሩም። «ለልጁ አልሚለት፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ እልክልሻለሁ» ብቻ አሉ። ከዚህ በላይ ምን ይቅርታ አለ? ያን ቀን ማታ ባልየው እቤቱ እራቱን በላ።

እናንተ ከገጠር መጥታችሁ ከተማ ያገባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የእናታችሁን ቋጠሮ ለትዳር ጓደኛችሁ የማስተዋወቅ ዕዳው የእናንተ ነው። ቋጠሮው ከመድረሱ በፊት ንገሩ፤ አብራችሁ ሥሩ። እናንተ የከተማ ልጆች ደግሞ የማታውቁትን ምግብ ከመጣላችሁ በፊት «ይሄ ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የተጣለ ጭብጦ በሌላ ጭብጦ ይተካል፤ ከቤታችሁ ተቀይማ የወጣች እናት ግን በምን ትተካለች?

በሉ፣ ሙቀጫችሁን አጥባችሁ ጠብቁኝ። ቸር ይግጠመን!