የሳንባ የደም ግፊት መድኃኒት ሳንባው ለታመመ ሁሉ ይሆናልን?

«ግፊት አለብዎት» ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን በክንድ ላይ የሚለካው ግፊት ነው። በዛሬው አምዳችን የምናነሳው ግን ሌላ ነው። ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ተነስቶ ወደ ሳንባ በሚሄድባቸው የደም ሥሮች ውስጥ የሚፈጠር ግፊት ነው። ይህ በክንድ መለኪያ አይታይም። በልብ አልትራሳውንድ ይጠረጠራል፤ የሚረጋገጠው ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አድርጎ እስከ ልብ በማስገባት ነው። ለብዙ ዓመታት ያጨሱ፣ በጭስ በታፈነ ማድቤት ውስጥ የኖሩ ወይም ሳንባቸው በጠባሳ የጠነከረ ሰዎች ላይ ሊከሰት ይችላል።

ታዲያ ግፊት ካለ የግፊት መድኃኒት ቢወሰድ ምን ይጎዳል? ሳንባ አየር በደንብ የማይደርስበት ክፍል ሲኖረው ወደዚያ የሚሄደውን የደም ሥር አጥብቦ ደሙን አየር ወዳለበት ያዞረዋል። የደም ሥር የሚያሰፋ ክኒን ግን ጤነኛውንና የታመመውን ሳይለይ ሁሉንም ይከፍታል። ደሙም አየር በሌለበት በኩል ያልፍና ኦክስጅን ሳይዝ ይመለሳል። ግፊቱ ቀነሰ እየተባለ በሽተኛው ይበልጥ ሊታፈን ይችላል ማለት ነው። ለክንድ ግፊት የሚታዘዘው ኒፌዲፒንም ቢሆን ለዚህ ሕመም መፍትሔ አይደለም።

ነገሩ ስጋት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሪዮሲጓት የተባለው መድኃኒት በሳንባ ጠባሳ ሳቢያ ግፊት በያዛቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ሞትና ከባድ ጉዳት ስለበዛ ጥናቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። አምብሪሰንታንም መንስኤው ባልታወቀ የሳንባ ጠባሳ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ሊጠቅም እንደማይችል ስለታየ ሳይጠናቀቅ ቆሟል፤ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድም ሕመሙ ይበልጥ ተባብሶ ተገኝቷል። ልብ ይበሉ፣ ሁለቱም ከሳንባ ሕመም ጋር ላልተያያዘው ዓይነት ግፊት የሚያገለግሉ መድኃኒቶች ናቸው። ስለዚህ ለጎረቤትዎ የረዳው ክኒን ለእርስዎ ጠንቅ ሊሆን ይችላል።

ተስፋ ሰጪ ነገርም አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 326 የሳንባ ጠባሳና ግፊት ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈው፣ ትሬፕሮስቲኒል የተባለውን መድኃኒት በትንፋሽ የሳቡት ከ16 ሳምንት በኋላ በስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ከሌሎቹ በ31 ሜትር በለጡ። በትንፋሽ የሚገባ መድኃኒት ይበልጥ የሚደርሰው አየር ወዳለበት ክፍል ነውና። ይኸው መድኃኒት ግን በማጨስና በጭስ በሚመጣው የመተንፈሻ ቱቦ መጥበብ ላይ ሲሞከር በደኅንነት ስጋት ቆመ። የሳንባው ሕመም ዓይነት ይህን ያህል ይወስናል!

ሲልዴናፊል (ብዙዎች በቪያግራ ስሙ ያውቁታል) ሐኪም ሳያዝዘው ፈጽሞ አይወሰድ። ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር ከሚደረገው ናይትሬት ጋር ከተገናኘ ግፊትን በድንገት ጥሎ ይገድላል። ሪዮሲጓት፣ አምብሪሰንታንና ቦሰንታን ፅንስን ስለሚጎዱ እርጉዝ ሴት አትወስዳቸውም። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ደግሞ በድንገት አያቋርጡ፤ በረመዳንም ሰዓቱን በራስዎ አይቀይሩ፣ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

የመተንፈሻ ቱቦ መጥበብ ኖሮባቸው ኦክስጅናቸው እጅግ ለወረደ ሰዎች፣ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን መውሰድ ዕድሜ እንደሚያራዝም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ግን ከሰል፣ ሲጋራም ሆነ የሚጨስ ዕጣን አይኑር፤ እሳት በቀላሉ ይነሳል። አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ እግርዎ ካበጠ ወይም ራስዎን ከሳቱ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርቶናቸው ይዘው።