ለበረት የሚሆን ቆርቆሮ ለቤት ከሚሆነው ይለያል

በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ የሚገቡ በጎች፣ ፍየሎችና ግመሎች ወደ በርበራ ወደብ ከመጫናቸው በፊት በበረት ያርፋሉ። በረቱን ለማጠር ወይም ለማደስ ቆርቆሮ የሚገዛ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ይቀርብለታል፦ በዚንክ ብቻ የተለበጠ እና በዚንክና አሉሚኒየም ቅልቅል የተለበጠ። ሁለተኛው ለቤት ጣሪያ ዕድሜው ይረዝማል። ለእንስሳት ማደሪያ ግን አይመከርም።

በስፋት የሚሸጠው ቅልቅል በክብደት 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክና 1.6 በመቶ ሲሊከን አለው። አሉሚኒየሙ ስስ ልባስ ፈጥሮ እርጥበትን ያግዳል። ዚንኩ ደግሞ ቆርቆሮው በተቆረጠበትና በተጫረበት ቦታ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሽንት ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በፋንድያው ባክቴሪያ ሲሰባበር አሞኒያ ይሆናል፤ ዓይን የሚያቃጥለው የበረት ሽታ ይኸው ነው። አሞኒያው ከሌሊት እርጥበት ጋር ሲገናኝ ጠባዩ እንደ አመድ ውኃ ይሆናል፤ የአሉሚኒየሙን ልባስም ያሟሟዋል። ዚንክ ብቻውን ይህን በተሻለ ይቋቋማል። ለዚህም ነው ብዙ አምራቾች የእንስሳት ማደሪያን ከቅልቅሉ ዋስትና ውጭ የሚያደርጉት። እርጥብ ሲሚንቶም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

ቦታም ይለያል። ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደረቅ ከተማ ስለሆነች ቀድሞ የሚበላው ፋንድያ የሚነካው የግድግዳው ግርጌ ነው። በርበራ ላይ የባሕር ጨው ይጨመርበታል። ጨውን ቅልቅሉ ከዚንክ ይልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ግድግዳ ለሌለው፣ ነፋስ ለሚያናፍሰው ዳስ ጣሪያ ሊያገለግል ይችላል።

የዛገ ጠርዝ ቆርቆሮ ከማስለወጥ አልፎ ያከስራል። እግሩን የተቆረጠ በግ ያነክሳል፤ በግልጽ የሚያነክስ እንስሳ ደግሞ ለዒድ አል-አድሓ መሥዋዕት አይሆንም። ዋጋው የሚወድቀው በዓመቱ ትልቁ ገበያ ላይ ነው።

ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት፦
• ጌጁን ብቻ ሳይሆን የልባጡን ዓይነትና በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ይጠይቅ። ጌጅ የሚናገረው ስለ ውፍረት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል።
• የግድግዳውን ግርጌ በድንጋይ ወይም በእንጨት ሠርቶ ቆርቆሮውን ከፋንድያው በላይ ያስጀምር።
• የመዳብ ሽቦ አያስነካው፤ መዳብ ሁለቱንም ልባጦች ቶሎ ያስበላል።
• ፋንድያውን በየዕለቱ ያስጠርግ፤ ለቆርቆሮውም ለእንስሳቱ ሳንባም ይጠቅማል።