አየሩ በነጻ ነው፤ ማመቁ ግን ያስከፍላል

በወርክሾፕ ሥራ ስንጨርስ እጃችን በቅድሚያ የሚሄደው ወደ አየር ጎማው ነው። የቶርኖውን ብናኝ፣ የጠረጴዛውን አቧራ፣ አልፎ ተርፎም ቱታችንን በእርሱ እናራግፋለን። «ምን ችግር አለው፣ አየር አይደል እንዴ?» እንላለን። ነገ ይህንኑ ሥራ የምናስተምረው እኛው ስለሆንን ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባናል።

በኢንዱስትሪ ውስጥ ዕቃን በአየር ለማጽዳት ወይም ለማድረቅ ሁለት ዋና ዋና መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ኮምፕሬሰር ነው፤ ጎሚስታ ቤት ሁላችንም አይተነዋል። አየሩን እስከ 7 ባር ገደማ አምቆ በታንኩ ያከማቻል። ሁለተኛው ብሎወር ነው። ይህ የአንጥረኛው ወናፍ ዘመድ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 ባር አይበልጥም፤ የሚገፋው አየር ግን ብዙ ነው።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው? አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በስንት ድካም የተገኘውም ግፊት ከቱቦው አፍ እንደወጣ ወዲያው ይበተናል። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍት ቱቦ በ7 ባር፣ ከመታመቁ በፊት በነበረው መጠን ሲለካ፣ በደቂቃ 2 ሜትር ኩብ ያህል አየር ያወጣል። በደቂቃ 1 ሜትር ኩብ ለማመቅ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። እንግዲህ ይህ አንድ ቱቦ ብቻ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ዋት ይበላል ማለት ነው። 8 ሰዓት ሙሉ ክፍት ቢሆን 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሄደ!

ታዲያ የቱ ይመረጥ? መጠየቅ ያለበት «ሥራው የሚፈልገው ግፊት ነው ወይስ የአየር ብዛት?» የሚለው ነው። በቢራ ፋብሪካ የጠርሙሱ ገላ ወረቀት ከመለጠፉ በፊት መድረቅ አለበት። ሥራው ሰፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉም አያቋርጥም። እዚህ ላይ የሚሻለው ብሎወር ነው። አየሩንም ሞቅ ስለሚያደርገው ማድረቁን ያግዛል። በአንጻሩ ጫፉ ድፍን በሆነ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የቀረን ብናኝ ለማውጣት፣ ወይም የተበላሸን ዕቃ ከመስመር ላይ ለአፍታ ገፍቶ ለመጣል የታመቀ አየር ይመረጣል። በቀን ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲባል ብሎወር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መግዣው ውድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ወፍራም ቱቦና ንጹሕ ማጣሪያ ይፈልጋል።

ለብሎወር ዐቅም ባይኖርስ? ያኔም ዘዴ አለ። አንደኛ፣ ክፍቱን ቱቦ በኖዝል መተካት ነው፤ ጥሩ ኖዝል በዙሪያው ያለውን አየር አብሮ ስቦ ስለሚሄድ የታመቀውን ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ ግፊቱን ሥራው እስከሚፈቅደው ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፣ ዕቃ በማያልፍበት ጊዜ አየሩን የሚዘጋ ቫልቭ መግጠም ነው።

በመጨረሻ ወደ ቱታችን እንመለስ። የታመቀ አየር ብናኝን ዐይን ውስጥ ይተክላል፣ የጆሮን ታምቡር ይጎዳል፣ በቁስል በኩል ገብቶም ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለማጽጃ የሚውል አየር ከ2 ባር ገደማ በታች እንዲሆን፣ የብናኝ መከለያና የግል መከላከያም እንዲኖር የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ለልብስ ግን ብሩሽ ይበቃል። ተማሪ ከምንናገረው ይልቅ የምናደርገውን ነው የሚይዘው። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማውን ከቱታችን ላይ እናንሳ።